በእኔ እግር ብቻ የሚጮኸው ካምቢዮ

ግራሶ እጠላለሁ። ሚኒባስ እየነዳ የሚኖር ሰው እንዲህ ማለቱ ያስቃል፤ የመስመራችን ሾፌሮችም ስቀውብኝ አይጠግቡም። ቢሆንም እጠላለሁ። ያ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ጥፍር ሥር ገብቶ ሳምንት የሚከርም ነገር ከሩቅ ሳየው እጄን እታጠባለሁ። አባቴ ቁስቋም የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩ። ቤታችን ውስጥ እጁን ሳይታጠብ ብራና የነካ ልጅ ይገረፍ ነበር። እኔ ዜማውን ትቼ መሪ ጨበጥሁ እንጂ መታጠቡን አልተውሁም። የመኪናዬን መሪ እንኳ ጠዋት ጠዋት በሳሙና ነው የማብሰው።

ክረምቱ ሲወጣ ካምቢዮዬ ተበላሸ። ከአዘዞ ፒያሳ ስመላለስ ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ ይወጣ ጀመር፤ ቆይቶ ጭራሽ አልገባም አለ። ያገለገለ ካምቢዮ ገዛሁና ፀዳ ላይ አዲስ ጋራዥ ወደ ከፈተ መካኒክ ወሰድሁት። ሰውዬው ከጭልጋ የመጣ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ አራት እንጨት ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ ነበር። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ስረግጠው ጫማዬን ይዞ ያስቀረዋል። እዚያ ቆሜ የምተነፍሰው በአፌ ነበር።

ሾፌሮቹ ሁሉ፣ ለታላቅ እንደሚባለው፣ «አያ» ይሉታል። እኔ አልልም ነበር። ሰላም ሲለኝ፣ እጁ የቆሸሸ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ ይዘረጋልኛል። አንጓውም ቢሆን ግራሶ አያጣውም። አንዳንዴ በሁለት ጣቴ ጫፍ ነካ አደርገዋለሁ፤ አንዳንዴ ስልክ የማወራ እመስላለሁ።

በዚያው ሰሞን ማኅበራችን የአባላቱን መኪኖች በሙሉ የሚጠግን አንድ ጋራዥ ሊመርጥ ነበር። የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው እሱ ነው። የእኔ ካምቢዮ መፈተኛው ሆነና ሊቀ መንበራችን «አንተ የምትለውን ነው የምንሰማ» አለኝ። ሰውዬውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። አሮጌውን ካምቢዮ ሲያወርድ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «ይህ ሥራ ከተገኘ ሚስቴንና ልጆቼን አመጣለሁ። ካልተገኘ ቆርቆሮየን ነቅየ ወደ ጭልጋ ነው» አለኝ። እኔ የማየው ጫማዬ ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ነበር።

በማግሥቱ ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት ብቅ አልሁ። በሾፌሩ በኩል የነበረችው ስስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ የቦት ጫማ በጥቁሩ ታትሞባታል። አጥቤ ላነጻት እንኳ አላማረኝም፤ በእንጨት አንስቼ ጣልኋት። ገበያ ወርጄ ከሥሩ ስፖንጅ ያለው ወፍራም ቀይ ምንጣፍ አስቆረጥሁ። ከበር እስከ በር የሚሸፍን አንድ ወጥ ነው፤ እግር ሲያርፍበት ይሰምጣል። ካምቢዮው ተገጥሞ ባለቀ ጊዜ ምንጣፌን ዘርግቼ፣ ሽቶ ነገር ረጭቼ፣ እንደ ሙሽራ ገባሁ።

የኋላ ማርሽ ላስገባ ስል «ክርርር!» አለ። ድምፁ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አንደኛ ሞከርሁ፤ ያው ነው። ብረት ብረትን ሲበላ መስማት አሸዋ እንደማኘክ ነው፤ ከግራሶም ይብሳል።

ሰውዬው እየሮጠ መጣ። «ውረድማ፣ እኔ ልየው።»

በዚያ ቱታ! ወንበሬ ላይ ካርቶን አነጠፍሁ። ምንጣፌንም ጠቅልዬ ወደ ወዲያኛው በር ገፋሁት። ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ የኋላ ማርሽ አስገባ። ዝም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዝም። ፀዳን ዞሮ ተመለሰና፣ «ይኸው፣ ሸጋ ነው። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጠው እንጂ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ይህን ያህል ዘመን ስነዳ ኖሬ መርገጥ ሊያስተምረኝ! ካርቶኑን በጣቴ ጫፍ አንስቼ ጣልሁ፣ ምንጣፌን መልሼ ዘረጋሁ፣ እያስጮኽሁት ወጣሁ።

ያ ሳምንት አይነሣ። ባቆምሁና በተነሣሁ ቁጥር ይጮኻል። ከኋላ አንዱ «ሾፌር፣ ወፍጮ ቤት ነው የገባነው?» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ ከልባቸው አዝነው፣ «ቀስ በል ልጄ፣ አንጀቱን በጠስኸው» አሉኝ። ለመኪናው ነው ያዘኑለት።

ተመልሼ ሄድሁ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ይህ ነገሩ ነበር የበለጠ የሚያናድደኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ማርሾቹን አንድ በአንድ እንዳስገባ አዘዘኝ፤ ሁሉም ያለ ድምፅ ገቡ። ሞተሩ ተነሥቶ ስሞክር ጮኸ። «እንግዲያ ካምቢዮው ጤነኛ ነው» አለ። «ፍሪሲዮኑ ነው ሞተሩንና ካምቢዮውን ለይቶ የማይለቅ።» ከሥር ገብቶ ተንጋለለና እንድረግጥ ነገረኝ።

«እስከ ታች ርገጠው!»

«ረግጫለሁ!»

«ኧረ አልወረደም!»

«ረግጫለሁ አልሁህ እኮ!»

እግሬ ወለሉን ነክቷል። ይህን በመድኃኔ ዓለም ስም እምልለት ነበር። እሱ ከሥር «ምነው፣ ምነው» እያለ ከራሱ ጋር ያወራል። ከፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር አየር አስወጣ፤ አልረዳም። ካምቢዮውን እንደገና አወረደ። የፍሪሲዮኑን ሸራ አየ፣ ኩሽኔታውን በጣቱ አዙሮ በጆሮው አዳመጠ፣ ዘይቱን በመዳፉ ላይ አፍስሶ አሸተተ። ሲያሸትት ፊቴን አዞርሁ። ሁሉም ደህና ነው። መልሶ ገጠመ። ልሞክረው ሲል ካርቶን አነጠፍሁ፣ ምንጣፌን ጠቀለልሁ፤ መኪናው በእሱ እግር እንደ በግ ዝም አለ። ምንጣፌን ዘርግቼ እኔ ስገባ ጮኸ።

ያን ጊዜ ቆረጥሁ። ተንኮል ነው አልሁ። ሲነዳው አንድ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ሸፋፍኖ ሊሸኘኝ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። እኔ ነጠላዬን እንደለበስሁ ከቤተ ክርስቲያን መጣሁ። ሰውዬውም ተጠርቷል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁን በአሸዋ ይሁን በምን ፈትጎት ቆዳው ቀልቷል። ጥፍሩ ሥር ግን አሁንም ጥቁር ነበር። ያችን ጥቁር መስመር ፈልጌ አየኋት፤ ሳገኛትም ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ራሴን የሚያስጠላኝ እሷን መፈለጌ ነው።

ሊቀ መንበሩ «እህ፣ ካምቢዮህስ?» አለኝ።

«እጁም ቆሻሻ፣ ሥራውም ቆሻሻ ነው» አልሁ።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሰውዬው አቀረቀረ፤ ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ካምቢዮው ደህና ነው» አለ። ሥራው ለሌላኛው ጋራዥ ተሰጠ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ለተዝካር የሚሆን የጠላ ድፍድፍ በጀሪካን የያዙ ሴት አዘዞ ላይ ጋቢና ተሳፈሩ። አፉ በጨርቅ የተወተፈ ነው። አፍንጫዬን ያዝሁ፤ ግን ጫንኋቸው። ጉዞ ልጀምር ማርሽ ሳስገባ ጮኸ፣ መኪናውም ዘለለ፣ ውታፉም ተስፈንጥሮ ወጣ። ያ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚፈላ ድፍድፍ ቀይ ምንጣፌ ላይ ተገለበጠ። ቀስ እያለ ወደ እግሬ መጣ። ጫማዬ ውስጥ ገባ፣ ሞቀኝ። ሴትዮዋ ለድፍድፋቸው ያለቅሳሉ፣ እኔ ለምንጣፌ እራገማለሁ። ጎትቼ አወጣሁት፣ በገመድ አስሬ ከላይ ፖርቶመጋላው ላይ ወረወርሁትና ተመልሼ ገባሁ።

ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ። ፔዳሉ ወረደ፤ ከለመድሁት አልፎ ወረደ፤ እግሬ ባዶውን ብረት ነካ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ።

ዝም።

አወጣሁ፣ አስገባሁ። የኋላ ማርሽ። ሁለተኛ። ዝም። ተሳፋሪው «ምነው፣ አንሄድም?» ይላል። እኔ ግን ማርሽ እያስገባሁ አወጣለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እግሬ የነካው ወለሉን ሳይሆን ስፖንጁን ነበር። ሰውዬው መኪናው ውስጥ ሲገባ ምንጣፉን እኔው አነሳለሁ፤ ከሥር ሲተኛ ምንጣፉ ከበላዩ ነው። በእጄ ነው የደበቅሁበት። እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከ ታች ርገጥ ብሎኛል።

ተሳፋሪዎቹን ፒያሳ አውርጄ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርሁት። ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምንጣፍ!» አለ። «በል ተወው፣ ለዓመት ተፈራርመናል።» ለምኜው ነበር። ሰው ፊት ያልሁትን ሰው ፊት አነሳለሁ አልሁት። «አሁን ማንን ልሰብስብልህ?» አለኝ።

ፀዳ ስደርስ ቆርቆሮው ወርዶ ተደራርቧል። የሥራ ዕቃው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል። ሰውዬው ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጭነት መኪና ይጠብቃል።

«አያ» አልሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ካምቢዮው ደህና ነው። ጥፋቱ የእኔ ምንጣፍ ነው። ፔዳሉ ሥር ገብቶ አላስረግጥ ብሎኝ ነው።»

ትንሽ አሰበና ዐይኑ በራ። «ወይ ጉድ! እኔ ስገባ ታነሳዋለህ፣ አንተ ስትገባ ትዘረጋዋለህ!» ብሎ ሳቀ። የልብ ሳቅ ነበር። «እኔ እኮ እጄ ከዳኝ ብየ እንቅልፍ አጥቻለሁ።» አሁንም እየሳቀ፣ «ምንጣፉን የምታነሳልኝ ደግሞ ጫማየን እንዳላወልቅ አስበህልኝ መስሎኝ። ያን ጊዜ ለሚስቴ ሁሉ ደውየ ነግሬያት ነበር፤ ሰው አክባሪ ነው፣ ሸጋ ሰው ነው ብየ» አለ።

ጫማዬን አየሁ። ሳቁ እየከሰመ ሄደ።

«ምነው ታዲያ ታነሳው ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «እንዳታቆሽሽብኝ ብዬ» አልሁት።

«እ» አለ። ጎንበስ ብሎ የታሰረውን ከረጢት እንደገና አጠበቀ። ይቅር በለኝ አልሁት፤ «ይሁን» አለ። ማኅበሩን እንደገና እለምናለሁ አልሁት፤ እሱ መንገዱን ያያል። የጭነት መኪናው መጥቶ ቆመ። ዕቃውን አብሬው ጫንሁ፤ ቆርቆሮው ልብሴን ሲያቆሽሸው ደንታም አልሰጠኝ።

ሊሳፈር ሲል እጄን ዘረጋሁለት። እሱ ዕቃውን ያነሣ የነበረው ነጩ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ በጨርቅ እየያዘ ነው፤ መዳፉ ንጹሕ ነው፣ አይቼዋለሁ። መዳፉን አጠፈና የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ።