ቅቤን የከሰስኩበት ፋሲካ

ሰቆጣ ዐሥረኛ ክፍል ስማር ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። በሞዴል ፈተናው ቀን ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቅ ጀመር፤ እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ የምሞት መሰለኝና ወረቀቱን ጥዬ ወጣሁ። ጤና ጣቢያ አዳመጡኝና «ደህና ነሽ» አሉኝ። እንግዲህ ከዋናው ፈተናም ደህና ሆኜ ሮጬ መውጣቴ ነው። ዓመቱን ለመድገም ደግሞ ዕድሜዬም አይፈቅድ።

ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ማንም የማይነካው ወፍራም የእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ በቀን አንድ ገጽ ገፋሁት። የአንጎል ሕዋሳት የሚላላኩባቸው ኒውሮፔፕታይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ ይላል፤ አንዳንዶቹ ፍርሃትን ያበርዳሉ፣ አንዳንዶቹ ይቀሰቅሳሉ። ከቀስቃሾቹ አንዱ ኮሌሲስቶካይኒን ነው፤ ቁራጩ በመርፌ ሲሰጥ ጤነኛውንም ሰው ድንገት ያሸብረዋል። ይኸው ነገር ስብ ስንበላ ከአንጀታችንም ይመነጫል። መጽሐፉን ዘጋሁት። ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ፋሲካ ደረሰ። አብሬያቸው የምኖር አክስቴ ዶሮውን ሲያቀርቡ እኔ ሽሮ ለመንኩ። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ የንስሐ አባቴ ከባድ ቀኖና እንደሰጡኝ ያውቅ ነበር፤ የቀረው ኃጢአቱን መምረጥ ብቻ ነው።

«ምን ሠርተሽ ነው?» አሉኝ አክስቴ። «ከጎረቤት ከምሰማ ከአንቺ ልስማው።»

ኮሌሲስቶካይኒንን አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እና ቅቤ ነው ያስደነገጠሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ከሞዴሉ ሮጠሽ የወጣሽ ለት ሑዳዴ አልነበረም እንዴ? ቅቤውን ከየት አመጣሽው?»

ዘይትም ስብ ነው ብዬ ልከራከር አሰብኩ፤ የእሳቸው የሑዳዴ ሽሮ ግን ዘይት የሚያየው ከሩቅ ነው።

በማግስቱ የባዮሎጂ መምህሬን ጠየቅኩት። በሁለት ዓመት ያንሰኛል።

«የአንጀቱ ኮሌሲስቶካይኒን ወደ አንጎል እንደ ልብ አይገባም፤ አንጎል የራሱን ይሠራል» አለኝ ሳቁን ውጦ። «ደግሞ ፍርሃት የሚቀሰቅሰው እሱ ብቻውን አይደለም፣ ብዙ ናቸው። አንቺ አንድ ነገር ያዢ፤ ድንጋጤው ጣራ ይነካና ይወርዳል። አትሩጪለት።»

ዋናው ፈተና ላይ፣ ሒሳብ መሀል፣ ድንጋጤው መጣ። እግሬ ወደ በሩ ዞረ። ፈታኙ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ወንበሬን በሁለት እጄ ጨብጬ አየሁት። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ሁለት ገጽ ገልጣለች። ከዚያ ወረደ። ላቤን በነጠላዬ ጠርጌ የተውኩትን ጥያቄ ቀጠልኩ። መልሱን ስቻለሁ፤ ግን ተቀምጬ ነው የሳትኩት።