ከነዳጁ አልነሳ ያለው እግር

ሹፌሩን «ቀስ በቀስ» ነው የሚሉት። አውቶቡስ ሲነዳ ተቻኩሎ አያውቅም፤ «ከእሱ ጋር የተሳፈረ ይዘገያል እንጂ አይቀርም» እያሉ ይቀልዱበታል።

ቀኝ እግሩ መጎተት ሲጀምር ቀድማ ያስተዋለችው ሚስቱ ናት። «ጫማህ ወለሉን በጥፊ ይመታዋል። ምን ሆነሃል?»

«ድካም ነው» አላት። ከጉልበቱ በታች፣ በውጭ በኩል፣ ሽምብራ የምታክል እብጠት ነበረችው፤ ሲነካት እስከ ጣቱ ትነዝረዋለች። ስለ እሷ ግን ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጢም ብሎ የሞላ አውቶቡስ ይዞ ቁልቁለቱን ጀመረ። ከታች ሰዎች መሻገር ሲጀምሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሊያነሳ ሞከረ። የጫማው ጫፍ ወደ ታች እንደተደፋ ቀረ። ሞተሩ አጓራ። ጭኑን በእጁ ጨምድዶ አነሳው፤ በግራ እግሩ ፍሬን ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ። አውቶቡሱ ልጅ ያዘለች ሴት ጋ ሊደርስ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ተሳፋሪው አጨበጨበ። «እጅህ ይባረክ! ፍሬኑ እምቢ ብሎህ እኮ ነው!»

ምስጋናው ከስድብ ባሰበት። የስምሪት ኃላፊውን አስጠርቶ ቁልፉን እጁ ላይ አኖረ። «ፍሬኑ ደህና ነው፤ የከዳኝ እግሬ ነው። ሰው ልፈጅ ነበር።»

ሆስፒታል ሄዶ እብጠቷን ካሳየ በኋላ፣ ሐኪሟ ምርመራውን ጨርሳ ውጤቱን ስትነግረው ሚስቱ ክንዱን ይዛ ነበር።

«ካንሰር ነው?» አለ።

«አይደለም አባቴ። ከነርቩ ሽፋን ላይ የበቀለ፣ የማይዛመት እጢ ነው። ግን ነርቩን አንቆታል።»

«ሲወጣ እግሬ ይመለሳል?»

«ተስፋ አለ። ቃል ግን አልገባም።»

ከቀዶ ጥገናው ሲነቃ የቀኝ እግሩን ጣት ወደ ላይ ሊያነሳ ሞከረ። ንቅንቅ የለም። በድጋፍ ጫማ እያነከሰ ወራት አለፉ፤ ቤት ውስጥ ሁለቱም ስለ እግሩ ማውራት ፈሩ። አንድ ጠዋት ሚስቱ ጥፍሩን ስትቆርጥለት አውራ ጣቱ ሽቅብ ተነሳ።

«አንተ! ሰው ታስደነግጣለህ እንዴ?» ብላ መቁረጫውን ጥላ አለቀሰች።

እግሩ ቀስ በቀስ ሲጠነክር በሐኪሟ ፈቃድ ወደ መሪው ተመለሰ። ማታ ማታ እግሩ ስለሚዝል ግን የጠዋቱን ሜዳ መስመር ብቻ ይነዳል። ቁልቁለቱን ሲሰጡት «ለሌላ ስጡልኝ» ይላል፤ አያፍርበትም።