የሐጂ መፈደል ብርቱካን

በሰባ ሁለት ዓመቱ መንገድ ላይ ብርቱካን ሲያንከባልል የታየ የሞሮኮዋ የቴትዋን ከተማ ሰው ሐጂ መፈደል ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን ጀላቢያ ሲሰፋ የኖረ፣ ኮስታራ፣ የተከበረ ሰው! በየመንገዱ ጎንበስ ይልና ብርቱካኗን መሬት ላይ ያስቀምጣታል። ከተንከባለለች "ይኼም ዳገት ነው" ብሎ ያነሳታል። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀበት፤ ምን ይዋሻል።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሚስቱ የሐጃ ባቱል ጉልበት ታሞ ክረምቱን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ሐኪሙ "በየቀኑ ሜዳ ላይ ትራመድ፤ አለዚያ እግሯ እንደ ደረቀ ይቀራል" አለ። ተራራ ላይ ለተለጠፈች ከተማ ሰው "ሜዳ ላይ ተራመድ" ይባላል? ካዛብላንካ ያለችው ልጃቸው ሱዓድ ደግሞ ቀን ቆረጠች።

"እስከ ዓረፋ እማዬ በእግሯ ካልወጣች ቤቱን ሸጣችሁ እኔ ጋ ትመጣላችሁ። እዚህ ሊፍት አለ፣ ሁሉ ነገር አለ።"

ሁሉ ነገር! ሐጂ መፈደል የተወለደው እዚያው ቤት ነው፤ ያገባውም፣ አባቱን የቀበረውም ከዚያው ወጥቶ ነው።

ድሮ በየቀኑ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሁለቱ ወደ ከተማው ግንብ ላይኛው በር ይወጡ ነበር። ቢበዛ አራት መቶ እርምጃ ነው፤ ግን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኛ ዘንድ ሰላምታ እንደ ዋዛ አይታለፍማ! ቆም ብለህ የሰውዬውን እናት፣ የአክስቱን ወገብ፣ ጥርስ ያበቀለውን ሕፃን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳትጠይቅ ካለፍክ ተጣልተሃል ማለት ነው። ሙሽሪትን ብቻዋን ማግኘት የሚፈልገው ወጣቱ መፈደል ይበሽቅ ነበር። "ይቺ ከተማ ሰው አታስኬድም!" ይል ነበር። አይ ጊዜ! አሁን ያ መብሸቁ ራሱ ይናፍቀዋል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ብርቱካኗ ቆመች። ከግንቡ ውጭ፣ ከታች፣ አዲስ የተነጠፈ ሰፊ መንገድ ላይ። በማግስቱ ማንም እንዳያስቆማቸው ብሎ በማለዳ ሚስቱን በታክሲ ወሰዳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ" አለችው ሐጃ ባቱል፤ "ብርቱካን ሰው ያስኬዳል ሲሉ ግን አልሰማሁም።"

ሰባ እርምጃ ሄደች። መንገዱ ጭር ብሏል፣ የሚያውቃቸው ነፍስ የለም። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"ለሱዓድ ደውልላት" አለችው። "በቃኝ።"

ደውሎ "እንመጣለን" አላት።

ከሰዓት በኋላ ግን ሐጃ ባቱል ከዘራዋን አንስታ በሩ ላይ ቆመች። "ከሄድን አይቀር ጎረቤት ልሰናበት። እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ አልወጣም!"

ክንዷን ያዘ። አሥር እርምጃ ሳይሄዱ የሰፈሩን ሊጥ ተቀብሎ የሚጋግረው ሽማግሌ ከምድጃ ቤቱ ብቅ አለ።

"ሐጃ! አለሽ እንዴ? የአንቺ ሊጥ ሲቀር ምድጃውን ልዘጋው ነበር እኮ!"

"ዝጋው! ዳቦዬን ስታሳርር ነው የኖርከው!"

ሚስቱን ጠየቀችው፣ ልጆቹን፣ በሬ ያህል ወፈረ የተባለውን አማቹን። ቀጥላ ቁልፍና ክር የምትሸጠው ዙህራ አስቆመቻት፤ የልጇን ፍቺ ከሥር ከመሠረቱ ተረከችላት። ከዚያ ሌላ ጎረቤት፣ ከዚያ ሌላ። ስለ መሰናበት አንድም ቃል አልወጣትም። ሐጂ መፈደል ዞር ሲል ቤታቸው ታች ርቋል።

ጠመዝማዛው ላይ ዳገቱ ይበረታል። እዚያ ጫማ ሰሪው ባባ አያሺ ነበር፤ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሱቁም እንደ ተዘጋ ነው። ሐጃ ባቱል ክንዱ ላይ ክብደቷን ጣለች።

"ከዚህ በላይ ማንም የለም፤ እንመለስ" አላት።

እሷ ግን ወደ ተዘጋው በር ዞረች። "ባባ አያሺ፣ እንዴት ዋሉ? ባለቤትዎ ፋጥናስ ደህና ናት? ያ ሳል ተሻለዎት?"

"አንቺ፣ ሞቷል እኮ!"

"ቢሞትስ፣ ሰላም ሳልለው ልለፍ? ጉልበቴም ይረፍበት። አንተ መልስልኝ እንጂ!"

ሐጂ መፈደል ግራና ቀኙን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደህና ነን ሐጃ፣ አልሐምዱሊላህ። ሳሉም... ተወኝ።"

እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። እሷ በሩ ላይ ተደግፋ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቆዳው ዋጋ፣ ስለ ጣሪያው አንድ በአንድ ጠየቀች፤ እሱም ለሟቹ አንድ በአንድ መለሰላት። ጉልበቷ ሲረጋ ቀሪውን ዳገት ወጡ።

ላይኛው በር ላይ ሁለቱ ይቀመጡባት የነበረችው ድንጋይ እንደ ድሮዋ ነበረች። ተራራው ፊት ለፊት። ሐጂ መፈደል ብርቱካኗን ከኪሱ አውጥቶ ላጠና ለሁለት ከፈላት። ስልኩ ጮኸ፤ ሱዓድ ናት። ለእናቷ ሰጣት።

"እማዬ፣ ጎረቤቶቻችሁን ተሰናብታችሁ ጨረሳችሁ?"

"ኧረ የኔ ልጅ፣ መች ሰላምታውን ጨረስንና!" አለች ሐጃ ባቱል፣ አፏ ብርቱካን እንደ ሞላ።