በቤታችን ኮምፒውተር ተደብቀው የተገኙት

ዛሬ በሮቤ ከተማ፣ በገዛ ቤታችን ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ፋይሎች ተገኙ።

በእህቴ ሰርግ ላይ ያልነበሩ አማቾቿ የሰርጉን ቪዲዮ ሊያዩ ከጎሮ እየመጡ ነበር። ቪዲዮውን ስፈልግ "የተደበቀውን አሳይ" የሚለውን ነካሁ። ደብዘዝ ያሉ ፋይሎች ግር ብለው ወጡ።

አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "እነማን ናቸው?" አሉ።

"የሲስተሙ ናቸው፣ አባዬ።"

"ወላሂ፣ ቤቴ ገብቶ ሰላም ያላለኝ አያድርም። አስወጣቸው።"

ኮምፒውተሩ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እርግጠኞች ነን በለው" አሉ አባቴ።

የሽማግሌ ቃል አይጣልምና አጠፋኋቸው። ኮምፒውተሩም አብሯቸው ሄደ፤ እስካሁን አልተነሳም።

አማቾቹ ሲደርሱ እህቴ ሰርጉን በአፏ ተረከችላቸው። በሰርጉ ቀን ድንኳኑን የጣለው ዝናብ በእሷ ትረካ ጨርሶ አልዘነበም።

እናንተስ፣ ከኮምፒውተራችሁ ማንን አባርራችሁ ተጸጸታችሁ?