የሰይድ ፖስተር

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ጦርነቱ ካለፈ ገና ጥቂት ወራቱ ነው። የኮሌጅ መመረቂያ ሥራችን አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ከነማስታወቂያው መሥራት ነበር። ዘፋኙ የክፍል ጓደኛዬ ሰይድ፣ አዘጋጁ እኔ። መምህራችን «ጽሑፍ አታብዙ፣ ሰዉ ይጓጓ» ስላለን፣ ፖስተሩ ላይ የሰይድን ፊትና የእኔን ስልክ ቁጥር ብቻ አድርገን ሐይቅ ከተማ ገበያው ዙሪያ ለጠፍን።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር እየቀረጽን ነው። ሰይድ አምባሰሉን በፈጣን ምት ለቆ መጨፈር ሲጀምር፣ የሆኑ ሽማግሌዎች መጥተው ክንዱን አፈፍ አደረጉት።

«አንተ! ቤተሰብህ በየግድግዳው እየፈለገህ፣ እዚህ ትጨፍራለህ?»

ሰይድ እኔን ያያል፣ እኔ ካሜራውን አያለሁ። ምን እንዳጠፋን አልገባንም። አያ ይመር የሚባሉት ሽማግሌ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። የእኔ ኪስ ጮኸ። ግራ እንደገባኝ አነሳሁት።

«አብሽር ወንድሜ፣ ልጃችሁ ተገኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ!» አሉኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኳቸው፣ እኔም በስልኩ።

ፖስተሩ የዘፈን ማስታወቂያ መሆኑን፣ ሰይድም እንዳልጠፋ አስረዳን። ሌሎቹ ሳቁ። አያ ይመር ግን ከደረት ኪሳቸው ጠርዙ የተበላ ጉርድ ፎቶ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ ነው፤ ከዘመተ ወዲህ ድምፁ የለም። እኔ በጥቁርና ነጭ አባዝቼ ለጥፌው ነበር፣ ፀሐይ በላው። እንደዚያኛው ፖስተር በቀለም አሳምራችሁ ሥሩልኝ። የእናንተው ባንድ ቀን ተገኘ አይደል?»