አይንኩት፤ ሽማግሌ አስተካክሎታል

ሰው ሁሉ ከጥፋቱ ይሸሻል። እኔ ጥፋቴን ተሸክሜ፣ ተቀባይ አጥቼ፣ ሚዛን ተፈሪን ዞሬያታለሁ።

ዕድሜዬን የስልክ መስመር ስጠግን ኖሬ ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ ዶሮ እንዳረባ መከረችኝ። እኔ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ። ዶሮው ይሻል እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

በኮምፒውተሩ የተጣድኩበት ሥራ አንድ መልእክት አሳላፊ ፕሮግራም ማሻሻል ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነፃ ይጠግኑታል፣ የፈለገ በነፃ ይጠቀምበታል። ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የድሮውን የአውቶቡስ ረዳት አስቡ። ቴፒ ያለ ሰው ሚዛን ላለ ዘመዱ መልእክት ሲኖረው ለረዳቱ ይሰጠው ነበር፤ ረዳቱ ይዞ ይመጣል፣ ዘመድየው እስኪቀርብ ይጠብቃል፣ ያስረክባል። መልእክቱን በቃሉ ሊይዘው ይችላል፣ ይፈጥናል። ወይም ወረቀት ላይ ሊጽፈው ይችላል፣ ይዘገያል። በቃሉ የያዘ ረዳት እንቅልፍ ከጣለው ግን መልእክቱም አብሮ ይቀራል።

ወጣቶቹ ለፕሮግራሙ አዲስ ነገር መጨመር ይወዳሉ። ሴቲንግ ማቃናት፣ ፕሮግራሙን የሚፈትሽ ቴስት መጻፍ፣ መመሪያ ማዘጋጀት እንደ ዕቃ ማጠብ ነው፤ ማንም አይሽቀዳደምበትም። እኔ ዕቃ ማጠቡን ወሰድኩ። ኮምፒውተሬ እንደ ባለቤቱ ያረጀ ስለሆነ መልእክቱን ሁሉ ዲስክ ላይ እየጻፈ ሲፈተሽ ያለከልካል። ለቴስቱ ብዬ መጻፉን አጠፋሁትና በቃልህ ያዝ አልኩት። ቴስቱ በረረ፣ ደስ አለኝ። እኔ ደስ ካለኝ ደግሞ የሆነ ሰው ይጎዳል። ያንኑ የሴቲንግ ፋይል አንሥቼ በአማርኛ ባዘጋጀሁት መመሪያ ውስጥ ምሳሌ አድርጌ ለጠፍኩት። “ይህን ገልብጡት፣ ይሠራል” ብዬም ጻፍኩ። ፋይሉ አናት ላይ ቀልድ ቢጤ ጣል አደረግኩበት፦ “አይንኩት፤ ሽማግሌ አስተካክሎታል።”

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አልፈተሽኩም። መብራት እንዲህ በሚመላለስበት ከተማ ተቀምጦ ይህን የሚረሳ ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል። የኮምፒውተሬ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም ይጠፋል፣ እኔም ዳማ ልጫወት እወጣለሁ። ስለዚህ እኔ በምፈትሽበት ሰዓት ሁልጊዜ መብራት ነበረ።

መመሪያውን ማን ያነበዋል ብዬ ነበር። እዚሁ ያለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር አነበበው፣ ምሳሌዬንም እንዳለ ገለበጠው። በየመንደሩ እሸት ቡና የሚረከቡት ሠራተኞች ቡናው ሲሞላ በስልክ መልእክት ይልካሉ፤ የማኅበሩ ኮምፒውተር ተቀብሎ ለመኪና አሰማሪው ያስተላልፋል፤ መኪናው ሄዶ ጭኖ ወደ ማጠቢያው ይወስዳል። ቀይ እሸት ቡና ደግሞ አያድርም። በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ማጠቢያው አይቀበለውም።

በለቀማው ወቅት አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፣ መብራት ሄደ። በማግስቱ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ልጅ ሆኖ የማውቀው ጎልማሳ፣ “ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ቢያዩልን” ብሎ አስጠራኝ። በሼኮ መንገድ ካለው መረከቢያ ቡናው ሳይጫን አድሮ ተበላሽቷል።

“መልእክት ልኬያለሁ ትላለች ተረካቢዋ። እዚህ ግን የገባ ነገር የለም። እስኪጣራ ቤትሽ ተቀመጪ ብያታለሁ።”

የሴቲንግ ፋይሉን ከፈትኩት። ከአናቱ የገዛ ቀልዴ ተቀበለኝ፦ አይንኩት፤ ሽማግሌ አስተካክሎታል።

ልጅቱ ልካለች፤ ኮምፒውተሩም ተቀብሎ ስልኳ ላይ “ደርሷል” ብሏታል፤ ከዚያ መኪና አሰማሪው ሳይቀበለው መብራት ሄደ፣ በቃሉ የያዘውን ረሳ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አልኩት።

“ኧረ ይተዉ ጋሼ። መብራቱ ነው።”

“መብራቱማ ያው መብራት ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምሳሌውን የጻፍኩት...”

“እርስዎ በነፃ ነው የሠሩልን። ምን ብለን ነው የምንወቅስዎ?”

“እንግዲያው እሷን መልሳት።”

“እሷማ መኪናው ሲቀር መደወል ነበረባት” አለ።

ያን ጊዜ ነው የነገሩ ክፋት የገባኝ። ሽበት ያለውን ሰው አጠፋህ ማለት ነውር ስለሆነ ጥፋቱ ከኔ ተንሸራቶ እሷ ላይ አረፈ። እኔን ባከበሩኝ መጠን እሷ ትከሰሳለች። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ቢያንስ እሷ ታከብረኛለች የሚል ስጋት የለኝም።

“ዶሮ አርባ ብዬህ ነበር” አለችኝ። “አሁን ተነሥና ሂድ። እዚህ ብትተክዝ ቡናው አይታጠብም።”

ተረካቢዋን ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። ብርቱ ሴት ናት፤ አፏን የፈታችው በሼኮኛ ነው፣ በአማርኛ ስትቆጣ ግን ቃል አያጥራትም።

“ጋሼ፣ ሽምግልና ተልከው ከሆነ ይመለሱ። እኔ ከማን ጋር ነው የተጣላሁት?”

“ተልኬ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

ሁሉንም ነገርኳት። እንደ ሥራ አስኪያጁ “ኧረ ይተዉ” እንድትለኝ ጠበቅኩ፤ ፈራሁም። አላለችም።

“ገበሬዎቹ ተኝታ አስቀረችብን ነው የሚሉት። ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ጋሼ። ውሃ ስቀዳ ሰላምታ የሚነፍጉኝ።”

በማግስቱ ይዣት ማኅበሩ ቢሮ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ከስልኳ መልእክት ላከች፤ “ደርሷል” የሚለውን አሳየችው። መሰኪያውን ነቀልኩት። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ባዶ ነበር። ከዚያ ሴቲንጉን መልሼ ‘ዲስክ ላይ ጻፍ’ አልኩት፤ ያንኑ ደገምን። አሁን መልእክቷ ቁጭ ብሎ ጠበቀን።

“ማሽን ነው እንግዲህ” አለ ሥራ አስኪያጁ፣ አሁንም ሊያተርፈኝ።

“ማሽኑን ‘አትጻፍ’ ያለው ማነው?” አለች እሷ።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሻሸ። “ነገ ሥራሽ ግቢ” አላት።

“እገባለሁ። ቡና የሚያመጣልኝ ግን የለም።” ወደኔ ዞረች። “እርስዎ መጥተው ይንገሯቸው።”

ባጃጅ እስከምትደርስበት በባጃጅ፣ የቀረውን በጭቃው ሄድኩ። መረከቢያው ጋ ገበሬዎቹ ወንበር አቀረቡልኝ፣ የፈላ ሻይ ከእጄ አልጠፋም። ተናገርኩ፤ እሷ ወደ ሼኮኛ መለሰችላቸው። በመሐሉ የመለሰችው እኔ ከተናገርኩት ረዘም ያለ መሰለኝ፤ ሰዎቹም አይተውኝ ሳቁ።

“ምን ጨመርሽበት?”

“ስለ ዳማው ነገርኳቸው።”

አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው በሼኮኛ የሆነ ነገር አሉና ተቀመጡ። እሳቸውም መብራቱ ነው እንዳሉ ገባኝ፤ “መብራት” የሚለውን ቃል ሰምቻለሁ። ቡናቸው ግን ያው ተበላሽቶ ተጥሏል። እኔ ስናገርም ያ ቡና አልተመለሰም። አሮጊቷ ተነሥተው ከረጢታቸውን ተረካቢዋ እግር ሥር ሲያወርዱ አየሁ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ቤቴ ስመለስ መልእክቱ ሳይደርስ ፕሮግራሙን ድንገት የሚገድል ቴስት ጻፍኩ። ቴስቱ በአሮጌው ምሳሌዬ ወደቀ፣ በአዲሱ አለፈ። ምሳሌውን ቀየርኩ፤ መመሪያው ውስጥም “ገልብጠህ አትመን፤ መሰኪያውን ነቅለህ እይ” የሚል ጨመርኩ። አናቱ ላይ ያለውንም ቀልድ አቃናሁት፦ “ሽማግሌ ተሳስቶበታል፤ ራስህ ፈትሽ።” ከሩቅ አገር ሥራውን የሚቀበሉት ሰዎች ጥሩ ቴስት ነው ብለው አመሰገኑኝ።

አሁን ሰማይ ሲጠቁር ስልኬ ይጮኻል፤ ተረካቢዋ ናት።

“ጋሼ፣ ደርሷል?”

ስልኳ ደርሷል እንዳላት አውቃለሁ፤ ዲስክ ላይ መጻፉንም አውቃለሁ። መደወል አያስፈልግሽም፣ መመሪያው ላይ አለ ልላት እችል ነበር። መመሪያውን የጻፈው ማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ዳማውን እተዋለሁ፣ ጃንጥላዬን አነሣለሁ፣ ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ በዓይኔ አይቼ እደውልላታለሁ።