ተከፍቶ የቀረ ጥርስ

ባለፈው ሳምንት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥርሴን የሚያክመኝ ወጣት ሐኪም ወንበሩን ቀና አድርጎልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ወደ አዲስ አበባ ልዛወር ነው» አለኝ። «የጀመርኩልዎትን ሳልጨርስ ግን አልሄድም። ከዚያ በኋላ የሚያይዎትን ሐኪም ራሴ አስተዋውቅዎታለሁ።» ቀጥሎ የላይኛውን ድዴን እያየ ጠየቀኝ፤ «እነዚህን የፊቶቹን ሁለቱን ማን ነቀለልዎት?»

ጥያቄው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት አንኮበር፣ ከቄስ ቤት ነው፤ ለትምህርት ደብረ ብርሃን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አንድ የፊት ጥርሴን ሲያመኝ በከተማው አለ ወደተባለው አንድ የጥርስ ሐኪም ሄድኩ። ቦረቦረው፣ መድኃኒት የነካ ጥጥ ወተፈበትና «በቀጠሮሽ ነይ፤ ከተደፈነ ይተርፋል፤ ከቆየ ግን አለቀለት» አለኝ።

ለቀጠሮዬ እናቴ በሶና የገብስ ቆሎ ይዛ ከአንኮበር መጣች። የሐኪሙ እጅ እንዲቃና ብላ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝና ቆረብኩ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይተፋም። እናቴ ጥርስ የሚደፈነው ግድግዳ እንደሚመረገው ይመስላት ነበር፤ ተጉመጥምጦ መትፋት እንደሚያስፈልግ እኔም አላሰብኩም። ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ በሚቆርጥ ብርድ፣ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ሄድን።

ሐኪሙ ጥጡን አወጣና በውሃ ተጉመጥምጬ እንድተፋ አዘዘኝ።

«ቆርቤያለሁ ዶክተር፤ ዛሬ መትፋት አልችልም። ነገ በጠዋት ብመጣስ?»

መሣሪያውን ሳህኑ ላይ ወረወረው። በሩን በርግዶ ወረፋ ለሚጠብቁት ጮኸ።

«ኑ፣ ጻድቋን ተሳለሙ! ምራቋ መሬት አይነካም አሉ!»

ሳቁ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ፣ የቄስ ልጅ ናት፤ ጥርሷ እንደተከፈተ ነው። ጥጡን እንኳ ይመልሱላት።»

«ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ በሽተኛ አይደለችም። ባልሽ ቄስ አይደል? እሱ ይድፈነው።»

«በመስቀሉ ነዋ!» አለ ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ። እንደገና ሳቁ። እናቴ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች፤ እጄን ይዛ በመካከላቸው አሳለፈችኝ።

በከተማው ሌላ የጥርስ ሐኪም አልነበረም። አዲስ አበባም ዘመድ አልነበረንም። አንኮበር ተመልሰን ፊቴ አብጦ ዓይኔ እስኪከደን ጠበቅን። በመጨረሻ ጥርስ የሚነቅል አንድ አንጥረኛ ተጠራ። እብጠቱ የታመመውን ከደህናው አላስለይ ብሎት ሁለቱንም በጉጠት ነቀላቸው። ጭንቅላቴን ጥርቅም አድርጋ የያዘችው እናቴ ነበረች።

ትምህርት ቤት ስመለስ «ወላቃዋ መጣች!» የሚል ጠበቀኝ። ስሜ ያ ሆነ። እናቴ ደግሞ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ቁረቢ ብላኝ አታውቅም።

ሐኪም በሽተኛውን ማሰናበት መብቱ ይሆናል፤ በዚህ አልከራከርም። ይሄ ልጅም እያሰናበተኝ ነው። ያኛው ግን ጥጡን እንኳ አልመለሰም።

ወጣቱ አሁንም መልሴን ይጠብቃል። ጥርሶቼን የያዘው የአንጥረኛው ጉጠት ነበር።

«ማን ነቀለልዎት እማማ?» አለኝ ደግሞ።

አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«ሐኪም» አልኩት።